ያልነደደው ከሰል

ኢንስፔክተር ዘኪያ ሙነወር ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ካለው መጋዘን ስትደርስ የሐሙስ ቀን ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቧቸውን እየጠቀለሉ ነው። እሳቱ ያን ያህል አልገነነም፤ የመጋዘኑን ግራ ጥግ በልቶ፣ ቆርቆሮውን አጥቁሮ፣ ውሃ ሲያገኘው ተኝቷል። አንድ ሰው ግን ወለሉ ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ቀርቷል።

«ሃይለኣብ ኣባይ ይባላል» አላት ረዳቷ ሳጅን ሊባን። «ጂኦሎጂስት ነው። ገራሙ ሸለቆ ላይ ሊሠራ የታቀደው የኃይል ማመንጫ አለ አይደል? በድንጋይ ከሰል የሚሠራው። ከሰሉን ቆፍሮ ያገኘው እሱ ነው።»

ስለ ገራሙ ያልሰማ አልነበረም። የማመንጫው ሥዕል ቦሌ መንገድ ላይ በትልቁ ተሰቅሎ ከርሟል፤ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ ከግርጌው «በገዛ ከሰላችን፣ በገዛ ልጆቻችን» የሚል ጽሑፍ። ዲዛይኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሠሩት የአገሩ መሐንዲሶች መሆናቸውን ዘኪያ በቴሌቪዥን ስትሰማ ደስ ብሏት እንደነበር ታስታውሳለች።

ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች። የሟቹ ማጅራት ላይ ደም ረግቷል።

«ጭስ አፍኖት ነው እያሉ ነው» አለ ሊባን።

«ጭስ ከኋላ አይመታም።»

በመጋዘኑ ግድግዳ ዙሪያ ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል። በየሳጥኑ ውስጥ ከምድር ተቆፍሮ የወጣ ድንጋይ እንደ ተቆራረጠ ሸንኮራ አገዳ ተጋድሟል። እሳቱ የደረሰባቸው ሳጥኖች አመድ ሆነዋል። በአመዱ መሃል ጥቁር ጥቁር ድንጋዮች ተቀምጠዋል።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የድንጋይ ከሰሉ መሰለኝ» አለ ሊባን።

«ሳጥኑ ነዶ ከሰሉ የተረፈበት እሳት አይተህ ታውቃለህ?»

ሊባን ጎንበስ ብሎ አየ። ድንጋዩ ጫፉ እንኳ አልተነካም። ዘኪያ አንዱን ቁራጭ በማስረጃ ከረጢት ከተተችና ተነሳች።

የእሳት አደጋው አለቃ እሳቱ የተነሳው ጥጉ ላይ ከነበረው የኤሌክትሪክ ስቶቭ እንደሆነ ነገራት። ስቶቩ ቀልጦ ተጣሟል፤ ከላዩ የተቃጠለ ጆንያ ተጣብቆበታል።

ጥበቃው አብዱልጀባር በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አይዞዎት። የሆነውን ይንገሩኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ ልጄ! ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ መብራት አልነበረውም። ኢንጅነር ሃይለኣብ ውስጥ ነበሩ። አንዲት ፀጉሯን ያሳጠረች ልጅ መጣች። ድምፃቸው ከፍ ከፍ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ወጥታ ሄደች። ከሷ በኋላ ማንም አልገባም፤ እኔም ከበሩ ንቅንቅ አላልኩ። ሊመሽ ሲል መብራት መጣ። ብዙም ሳይቆይ ጭሱን አየሁት።»

ሊባን ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳያቸው። በአንድ የሕዝብ ውይይት ላይ አንዲት ወጣት ማይክሮፎን ጨብጣ፣ ሃይለኣብ ላይ ጣቷን ቀስራ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ጭስ አይወጣም!» ትላለች። ቲክቶክ ላይ ያላየው አልነበረም።

«ይቺ ናት» አሉ አብዱልጀባር።

*

በማግስቱ ጠዋት ዘኪያ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ወደሚገኘው የሟች ቤት ሄደች። ግቢው ድንኳን ተጥሎበት በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አለም ጥቁር ለብሰው ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናዎት» አለች ዘኪያ። «በዚህ ሰዓት መምጣቴ…»

«ሥራሽ ነው። እሱም ሥራ ወዳድ ነበር። ጠይቂኝ።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተውበታል?»

«ማክሰኞ ቦሌ ያለ አንድ ሆቴል ሄዶ ነበር። የማመንጫውን ሞዴል ሊያይ፤ ለእንግዶች የሚታይ ዝግጅት ነበራቸው። ሲሄድ እንደ ሙሽራ ነበር። ሲመለስ ቃል ከአፉ አልወጣም። ምን ሆንክ ስለው፣ ሰኞ ፕሮጀክቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት የምናገረው አለኝ፣ ያኔ ትሰሚዋለሽ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከመጋዘኑ አልወጣም።»

ልጃቸው ሄርሞን ከጎናቸው ቆማ ትሰማለች። እሷም የአባቷን ሙያ ተከትላ ጂኦሎጂ የተማረች፣ በግል ላብራቶሪ የምትሠራ ነች።

ዘኪያ ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጥሩ የድንጋይ ከሰል እሳት ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ይነዳል እንጂ ምን ይሆናል?»

«የአባትሽ አልነደደም።»

የሄርሞን ፊት ተለወጠ። «አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ሸለቆ ለሸለቆ የተንከራተተበት ከሰል ነው! ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ተመርምሯል፤ ውጤቱ ምርጥ ነው የተባለው። እሳቱ ትንሽ ሆኖ ነው። ሰው የሞተብን አንሶ ሥራውን ደግሞ ታናንቂብን?»

«ሄርሞን!» አሉ እናቷ።

ዘኪያ አልተቆጣችም። ልጅ ለአባቷ ስትቆም ማየት ደስ አሰኛት እንጂ። ግን የከረጢቱን ድንጋይ አልረሳችውም።

*

የማመንጫው ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ያፌት፣ ቢሮው ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በሚገኝ ባለ መስታወት ሕንፃ ውስጥ ነው። መልከ መልካም፣ ገና አርባውን ያልደፈነ ሰው ነው። ዘኪያ ስትገባ ዓይኖቹ አብጠው ነበር።

«ጋሽ ሃይለኣብ ነው ሰው ያደረገኝ» አላት። «ተማሪ እያለሁ በገዛ መኪናው ይዞኝ እየዞረ ድንጋይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን ማመንጫ አብረን ነው ያለምነው። ኢንስፔክተር፣ ታውቂያለሽ? እስከዛሬ ትልቅ ነገር ሲሠራ እኛ ፎቶ ተነሺዎች ነበርን። ይሄኛውን ግን እያንዳንዷን መስመር የሳልነው እኛ ነን።»

ሲናገር ድምፁ ይደምቃል። ዘኪያ ወደደችው።

«ሐሙስ ዕለት የት ነበርክ?»

«እሳቱ ሲነሳ ሞዴሉ ያለበት ሆቴል መድረክ ላይ ነበርኩ፤ ለባለሀብቶቹ ንግግር እያደረግሁ። ስልክ ተደውሎ የተነገረኝ እዚያው ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶኛል።»

ቀኑን ጠይቃው ሰዓቱን መለሰላት። ዘኪያ ነገሩን ልብ አለችው፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ያገኘውን ይናገራልና አለፈችው።

«ጠላት ነበረው?»

«ዊንታ የምትባል ልጅ አለች። ቪዲዮውን አይተሻል መቼም። እኔ ማንንም መወንጀል አልፈልግም…» አለና ዝም አለ። ዝምታው ግን ወንጅሏታል።

*

ዊንታ የምትኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ልጅ። እስር ቤት እንደምትገባ የገመተች ይመስል ጫማዋን አጥልቃ ሹራቧን ይዛለች።

«መጋዘኑ ሄጃለሁ» አለች ሳትጠየቅ። «እሱ ነው ደውሎ የጠራኝ።»

«ለምን?»

«አልናገርም።»

«ተጨቃጭቃችኋል።»

«እኔ ነኝ የጮህኩት። ሴሪየስሊ፣ ያ ሰውዬ የነገረኝን ብትሰሚ አንቺም ትጮሂ ነበር። ግን እስከ ሰኞ ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛል። ከኔ አፍ አይወጣም።»

«ሰውየው እኮ ሞቷል፣ ዊንታ። ቃሉን ብታፈርሺ የሚወቅስሽ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል የምወቅሰው?» አለች። «ሦስት ዓመት ፊት ለፊት ተሟግተናል። አንድ ቀን ሰድቦኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ስወጣ በሕይወት ነበር፤ በስልኩ ባትሪ እያበራ ድንጋዩን ሲያገላብጥ ትቼው ነው የሄድኩት። ከዚህ ሌላ የለኝም።»

ዘኪያ ያን ቀን ልታስራት አልፈለገችም። ግን የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ኮማንደር ገንዘቤ ስልክ ደውሎ እንድታስራት አዘዘ፤ ከላይም ከታችም እየተጠየቀ ነው። ዊንታ ሹራቧን ደርባ ራሷ ቀድማ ደረጃውን ወረደች።

*

ቅዳሜ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

«ሳንባው ንጹሕ ነው። ጥላሸት የለበትም። እሳቱ ሲነሳ ሰውየው አይተነፍስም ነበር።»

«ከእሳቱ ስንት ሰዓት በፊት ሞተ?»

«ይሄን ያህል ብዬ አልምልልሽም። ደቂቃ ግን አይደለም፤ ሰዓት ነው።»

ኮማንደር ገንዘቤ ይህን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው! ልጅቱ ከሰዓት ገድላው ሄደች።»

«እሳቱንስ ማን ለኮሰው ጌታዬ? እሷ አመሻሹ ላይ አራብሳ ጎረቤቷ ቤት ልደት ላይ ነበረች፤ አረጋግጠናል።»

«ግብረ አበር አላት በያ! ዘኪያ፣ ሰኞ ኮሚቴው ተቀምጦ ፕሮጀክቱን ሊያጸድቅ ነው። ነገሩ ከዚያ በፊት እንዲዘጋ ይፈለጋል። የምርመራ መዝገቡን ፈርሚና ለዐቃቤ ሕግ እንላከው።»

ዘኪያ ከወንበሯ ተነሳች። ደሴ ከጭነት መኪና ሹፌር አባት የተወለደች ናት፤ ፖሊስ ስትሆን አባቷ ሰፈሩን ዞረው «ልጄ ሕግ ሆነች» ብለው ነግረዋል። ያ ቃል እስከዛሬ ትከሻዋ ላይ አለ።

«ያልገባኝን ነገር ገብቶኛል ብዬ ፈርሜ አላውቅም። የሚፈርም ካለ ሌላ ሰው ይመደብ።»

ኮማንደሩ አያት፤ አቀረቀረ። «እስከ ሰኞ ጠዋት» አላት።

*

ወደ ላምበረት ተመለሰች። አብዱልጀባር በሩ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሐሙስ የአስር ሶላትን የት ሰገዱ?»

ሽማግሌው ደነገጡ።

«እዚሁ ነው እንዳይሉኝ፤ በሩ ላይ አቧራና ጎሚስታ ቤት ነው ያለው። መስጊዱ ደግሞ ማዶ ነው።»

«ልጄ…» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሥራውን ጥሎ ሄደ እንዳልባል ነው የደበቅሁሽ። ሰግጄ ትንሽ አረፍ አልኩ። ያቺ ልጅ ከወጣች በኋላ ነው። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውስጡ ጨለማ፣ ፀጥ ያለ። ኢንጅነሩ እየሠሩ ነው ብዬ አልገባሁም። ብገባ ኖሮ!»

«ቢገቡም አይደርሱለትም ነበር፤ ያኔ አልፏል» አለቻቸው። «ስቶቩ የማን ነው?»

«የሳቸው ነው። ረቡዕ ነው ገዝተው ያመጡት። ያን ጥቁር ድንጋይ ላዩ ላይ እያስቀመጡ ያዩት ነበር።»

ዘኪያ ወደ ተቃጠለው ጥግ ገባች። ሊባን ተከተላት።

«ሊባን፣ መብራት በሌለበት ስቶቭ ማብሪያውን ብትጠመዝዘው ምን ይሆናል?»

«ምንም።»

«ጆንያ አጣጥፈህ ብታስቀምጥበትስ?»

«ምንም አይሆን…» አለና ቆመ። «መብራት እስኪመጣ ድረስ!»

«መብራት ሲመጣ ይግላል። አንተ ያኔ ሌላ ቦታ፣ ሰው ፊት ነህ። እስካሁን ሰዉን ሁሉ እሳቱ ሲነሳ የት ነበርክ ስንል ከርመናል። እሳቱ ሲነሳ ማንም እዚህ አልነበረም። የምንፈልገው መብራት ጠፍቶ በነበረበት ሰዓት የመጣውን ነው።»

«የመንገዱን ካሜራዎች ጠይቄያለሁ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ጠፍተው ነበር። መብራት የለም።»

«ሁሉም?»

ወጥተው መንገዱን በእግራቸው ዳር እስከ ዳር አዩት። ጎሚስታ ቤት፣ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ዳቦ ቤት። ጥግ ላይ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ፤ ከደጁ ጄኔሬተር በሰንሰለት ታስሯል። የዘኪያ ዓይን እዚያ ላይ ቀረ።

«ሐሙስ ጄኔሬተሩን አስነስታችሁ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ታዲያስ!» አለች የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ። «ዶክተሩ ጥርስ ከፍቶ መሃል ላይ ያቋርጣል እንዴ?»

«በር ላይ ያለው ካሜራ ይቀዳል?»

ልጅቱ ስክሪኑን ወደሷ አዞረችላት። ሊባን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘኪያ ግን እሱን እዚያው ትታ ወጣች፤ ሌላ የሚቆረቁራት ነገር ነበር።

*

ቦሌ ያለው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የማመንጫው ሞዴል በብርሃን ተከቦ ቆሟል። ከጎኑ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ የድንጋይ ከሰል ቁራጭ እንደ ጥቁር ዕንቁ ያንፀባርቃል፤ «የገራሙ ከሰል» ይላል ጽሑፉ። ሃይለኣብ ማክሰኞ ያየው ይህንን ነው። ዘኪያ የፍርድ ቤት ማዘዣዋን ለሆቴሉ ኃላፊ አሳይታ ጥግ ጥጉን አስፈልጣ ወሰደች።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ሄርሞንን ጠራቻት። አንድ ፖሊስ ጡብ ደርድሮ እሳት አንድዷል። ዘኪያ ከመጋዘኑ ያነሳችውንና ከሆቴሉ ያመጣችውን ድንጋይ ጎን ለጎን እሳቱ ላይ አስቀመጠች።

የሆቴሉ ጥቂት ቆይቶ ቀላ፤ ከዚያ ነበልባል አወጣ። የመጋዘኑ ጭስ ጭስ አለና ዝም አለ። ጠበቁ። አሁንም ጥቁር ነው።

ሄርሞን እጇን አፏ ላይ አደረገች። የማይነደውን በጉጠት አውጥታ ውሃ ደፋችበትና ሰበረችው፤ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙራ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ጭቃ ድንጋይ ነው» አለች በመጨረሻ። «ውስጡ ከሰል አለበት፣ ግን አብዛኛው አመድ ነው። በዚህ ማመንጫ ቢሠራ ማሞቂያውን አመድ ይውጠዋል። ያ የሚነደው ደግሞ…» የሆቴሉን ቁራጭ በጉጠቱ አመለከተች። «ያ የእኛ አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ ነው። አባቴ ሲያየው ወዲያው ነው የሚያውቀው። ውጭ የተላከው ናሙና በዚህ ተቀይሯል ማለት ነው።»

«አባትሽ ያንን ሊናገር ነበር።»

«ዕድሜውን የሰጠበትን ነገር አይሆንም ሊል!» ሄርሞን ዓይኗን ጠረገች፤ ቀጥ ብላ ቆመች። «እኔ ደግሞ አንቺ ላይ ጮህኩ።»

«ናሙናውን አሽጎ ውጭ የላከው ማነው?»

ሄርሞን ስሙን ስትናገር በሹክሹክታ ነበር፤ ቤታቸው እንደ ልጅ ገብቶ የሚወጣ ሰው ስም ነውና።

ዘኪያ ከዚያ ቀጥታ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄዳ ዊንታን አስጠራቻት።

«ከሰሉ እንደማይነድ ደርሼበታለሁ» አለቻት። «ጠርቶ የነገረሽ ይሄንን ነው።»

ዊንታ ትከሻዋ ረገበ፤ ከታሰረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እኔ አልነገርኩሽም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ሃይለኣብ፣ ‹አንቺ ስለ ጭሱ ነበር የምትሟገቺኝ፣ ለኔ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ እምቢ አለኝ› አለኝ። ሰኞ ሲናገር አዳራሹ ውስጥ እንድገኝ ፈልጎ ነው የጠራኝ። ሦስት ዓመት ዝም ብለህ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። ማክሰኞ ነው ያወቅሁት አለኝ። አመንኩት።»

የዘኪያ ስልክ ጠራ። ሊባን ነበር። «አገኘሁት» አላት። «መኪናውም ታርጋውም ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

*

እሑድ ጠዋት ያፌት ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ለነገው የሞዴሉን አቧራ እያራገፈ። ዘኪያና ሊባን ሲገቡ ዞሮ አያቸው፤ በመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የተፈለጠ ከሰልም አየ።

«ሐሙስ ሆቴሉ ከመምጣትህ በፊት የት ነበርክ?» አለች ዘኪያ።

«ቢሮ።»

«መኪናህ ላምበረት ነበረች። ከሰዓት በኋላ፣ ጥበቃው ለሶላት እንደሄደ ገባህ፤ ስትወጣ እጅህን በመሐረብ እየጠረግህ ነው።»

«እዚያ ካሜራ…» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

«መብራት የለም፣ ካሜራ አይሠራም ብለህ ነበር። አንድ ጥርስ ሐኪም ጄኔሬተር አለው።»

ያፌት ሞዴሉ ጠርዝ ላይ ተደገፈ። አልሮጠም፤ አልካደም።

«የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ደካማ ነበሩ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «የሚቀጥሉት ይሻላሉ ብዬ ነው ናሙናውን የቀየርኩት፤ እስከዚያው ድረስ ብቻ። አልተሻሉም። ያኔ ሁሉም ሰው አገሩን አምኖ ቆሞ ነበር። እንዴት አድርጌ አይነድም እላለሁ? እነዚያ ‹እነሱ መች ይችላሉ› የሚሉን ሰዎች ፊት? ሐሙስ ለምኜው ነበር። ሰኞ ይጽደቅ፣ ከዚያ በኋላ እናስተካክለዋለን አልኩት።»

«እሱስ ምን አለህ?»

ያፌት ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። የተናገረውን ዘኪያ ቃል በቃል ያዘችው፤ ሊባን ካቴናውን ሲያጠልቅለት አንገቱን አላቀናም። እንደ ልጁ ያየው በነበረ ሰው ማጅራት ላይ ያሳረፈው ከሳጥኑ ያነሳውን ያንኑ የማይነድ ድንጋይ ነው፤ መልሶም እንደነበረው ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሃል ማን ይለየዋል? እሳቱም የቀረውን ይጨርሳል ብሎ ነበር።

*

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባለሥልጣናት፣ ባለሀብቶች፣ ጋዜጠኞች፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው የመጡ የገራሙ ቁፋሮ ሠራተኞች። ኮማንደር ገንዘቤ ሳይቀር ኮፍያውን ይዞ ከኋላ ቆሟል። ዊንታ ከእስር ወጥታ በዚያው ሹራቧ መጥታለች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ስብሰባው ይተላለፍ ይሆን ብሎ ሲያመነታ ሄርሞን ተነሳች። ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወደ መድረኩ ወጣች። ሁለቱን ድንጋዮች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የገራሙን ከሰል ያገኘው አባቴ ነው» አለች። ድምፏ አልተንቀጠቀጠም። «አይነድም ያለውም አባቴ ነው። ሊነግራችሁ የነበረው ይህንን ነው፤ እኔ በሱ ፈንታ እነግራችኋለሁ። ማመንጫውን የሳሉት ልጆቻችን ሥዕላቸው ትክክል ነው፤ ችሎታቸው ትክክል ነው። ድንጋዩ ነው እምቢ ያለው። በማይነድ ከሰል ማመንጫ አንሠራም። በሚሆነው እንሠራለን፤ ምን እንደሚሆንም መርምረን፣ በእውነተኛ ናሙና።»

መጀመሪያ የተነሱት የቁፋሮ ሠራተኞቹ ናቸው። ቀጥሎ ዊንታ። ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አይታወቅም፤ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ሰብሳቢው ዕቅዱ እንደታገደና ምርመራው እንደ አዲስ እንደሚጀመር ሲያስታውቅ የተቃወመ አልነበረም።

ዘኪያ ከበሩ አጠገብ ቆማ አብራቸው አጨበጨበች። እንዲህ ያለ አገር ጠባቂ መሆኗን አስባ ደረቷ ሞላ።

ከስብሰባው በኋላ ወይዘሮ አለም ሰዉን አልፈው ወደሷ መጡ። ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ልጄ። እንዳትደብቂኝ። በመጨረሻዋ ሰዓት ፈርቶ ነበር?»

«አልፈራም» አለች ዘኪያ። «ያፌት ናሙናውን እንደቀየረ ሲነግረው አልጮኸበትም። ሰኞ አብረን እንቁም፣ ጥፋትህን አንተ ትናገራለህ፣ እኔም ከጎንህ እቆማለሁ፣ ከዚያ እንደገና እንጀምራለን አለው። ይህን ብሎ ጀርባውን ሰጥቶት ድንጋዮቹን ወደ ሳጥኑ ይመልስ ነበር።»

ወይዘሮ አለም እንባቸው ወረደ፤ ግን አላጎነበሱም።

«ጀርባውን ሰጥቶት» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ። ሃይለኣብ ነው። እሱ ራሱ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። የገራሙ ሠራተኞች እጅ ሊነሷቸው ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደነሱ ሄዱ።